የቡርማሊ ሃን ስንብት

ኔርሚን አባቷን የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሻንጣቸውን ይዘው ሱቃቸው ባለበት ሃን በር ላይ ቁጭ ብለው እንዲጠብቋት። ይህ ምኑ ይከብዳል? ትናንት ነግራቸዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ደውላ ደግማላቸዋለች፤ እሳቸውም "እሺ ልጄ" ብለዋል። አሁን ግን ታክሲው ደጅ ቆሟል፣ ሻንጣው ድንጋዩ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፣ ባለቤቱ የሉም።

"እሺ ልጄ" ማለታቸው ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። ሸማኔው አባቷ ቬይሰል ኡስታ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ ሳይከራከሩ እሺ ያሉት ነገር ቢፈለግ አይገኝም።

ኔርሚን አንካራ ውስጥ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ነው የምትሠራው። መኪና በሰዓቱ ካልወጣ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ስለዚህ የሚንቀረፈፍ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። የዛሬው ደግሞ የአውቶቡስ ነገር አይደለም፣ የአባቷ ልብ ነው። ከእንግዲህ በኪኒን የሚገፋ እንዳልሆነ፣ ደረታቸው ተከፍቶ መጠገን እንዳለበት ሐኪሙ ከነገራቸው ወራት አልፈዋል። ወረፋ ጠብቀው ጠብቀው አንካራ አልጋ የተገኘው ለዛሬ ነው። እስከ ምሽት ካልገቡ አልጋው ለሚቀጥለው በሽተኛ ይሰጣል፤ ተራው እንደገና መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ የእሳቸው ልብ እስከዚያ መታገሡንም የሚያውቅ የለም። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። የዚህች የአንቴፕ ከተማ መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና መሀል ላይ ከተገተረ ሰፈሩ ሁሉ ቀጥ ይላል።

ሻንጣውን ለታክሲው ሹፌር አስረክባ ወደ ውስጥ ገባች። ቡርማሊ ሃን ድሮ የግመል ነጋዴዎች ማደሪያ ነበር፤ ግመሎቹ ከሄዱለት ስንት ዘመኑ፤ ጫጫታው ግን አልሄደለትም። በአንድ በኩል መዳብ ይቀጠቀጣል፣ በሌላ በኩል ቅመም ይወቀጣል፣ መሀል ግቢ ከውሃው ገንዳ አጠገብ ሁለት ሰዎች በአንድ ጆንያ የፒስታቺዮ ለውዝ ይነታረካሉ። የአባቷ ሱቅ በር ላይ ወንበር ተጋድሟል። ባለቤቱ ወጣ ብሏል፣ ሱቁ ግን አልተዘጋም፣ ዕቃ የፈለገ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት ይጥራ ማለት ነው። ቀን ቀን ሱቁን የሚቆልፍ ሰው በዚህ ግቢ እንደ ሰዳቢ ነው የሚቆጠረው።

ከጎን ያለው ብርድ ልብስ ሰፊ አብዱረዛቅ እግሩን አጣጥፎ የጥጥ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። ቀና ብሎ አያትና ፊቱ በራ።

"ኦ፣ የቬይሰል ልጅ። እንኳን ደህና መጣሽ። ቁጭ በይ፣ ሻይ ልዘዝልሽ።"

"ሻይ አልፈልግም። አባቴ የት ሄዱ?"

"አውፍ ሊያስብል እየዞረ ነው።"

ኔርሚን ዓይኗን ጨፈነች። ይህን እንዴት ረሳችው? ሐጅ የሚሄድ፣ ወታደር የሚሄድ፣ የሐኪም ቢላ የሚጠብቀው ሰው፣ አብሮት የኖረውን ሁሉ እየዞረ "ሐቅህን አውፍ በለኝ" ሳይል አይሄድም። በክፉ ቃል ያስቀየመውን፣ ሳያውቅ የበደለውን፣ ሁሉንም ይቅር በለኝ ይላል። እሺ፣ ደግ ነው። ግን እኚህ ሰውዬ ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?

"ለምን ትናንት አላደረጉትም?"

"ትናንት ዝናብ ነበር፤ ግማሹ ሰው አልከፈተም።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ከትናንት ወዲያማ እሄዳለሁ ብሎ መች አመነ?" አለና አብዱረዛቅ ከጉልበቱ ሥር አንድ ትልቅ መቀስ አወጣ። "እይ፣ ለእኔ መቀሱን ሰጠኝ። አልወስድም ስለው፣ ውሰድ ብሎ ጭኔ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።"

ኔርሚን ያን መቀስ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ወረቀት ቆርጣበት በጥፊ የተመታችበት መቀስ ነው። ያን ጊዜ ግን መቀስ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። "ጥሩ ነው" ብላው ወጣች።

አባቷን ያገኘቻቸው ከቅመም ነጋዴው ከጀሚል ዘንድ፣ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ነው። ደህናውን ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ከንፈራቸው ጠቆር ብሏል።

"አባባ።"

"መጣሽ? ቁጭ በይ፣ ያንቺም ሻይ ይመጣል።"

"ታክሲ አቁሜ ነው የመጣሁት።"

"ይቁም፤ ታክሲ ምን ሥራ አለው።"

"አባባ፣ አውሮፕላኑ ግን አይቆምም። የቀሩትን በስልክ ይንገሯቸው። እኔ ራሴ አንድ በአንድ እደውልላቸዋለሁ።"

ጀሚል ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አውፍ በስልክ? ልጄ፣ አንካራ እንዲህ ሆነ እንዴ? ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው እንጂ። ደግሞ ሻይ ሳይጠጡ አውፍ በሉኝ ማለት አውፍታ ነው? ልቡ አልመጣም ማለት ነው።"

"ልባቸውማ ነው የታመመው" አለች ኔርሚን፤ ማንም አልሰማትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም የስምሪት ሠራተኛ ቢያየው ያብድ ነበር። በየሱቁ ይገባሉ። ሰላምታ አለ፤ ሰላምታው አያልቅም። ቁጭ ይባላል፤ ሻይ ይመጣል። አባቷ "ሐቅህን አውፍ በለኝ" ይላሉ፣ ባለሱቁ "ምን ሐቅ አለኝና፣ አውፍ ነው፣ አንተም አውፍ በለኝ" ይላል፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናለበት? አያበቃም። ባለሱቁ ዓይኑን ይጠርግና አንድ ነገር ካልሰጠሁ ይላል። አንዱ በክር የተሰካ የደረቀ ደበርጃን ሰጠ፤ ሌላው የወይራ ሳሙና፤ ሌላው ደግሞ፣ ምን አስቦ እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ የፈረስ ልጓም። ተሸካሚዋ ኔርሚን ናት። አባቷም ባዶ እጃቸውን አይገቡም፤ ከኮታቸው ኪስ እያወጡ ለአንዱ መለኪያ ሜትራቸውን፣ ለሌላው የሚያነቡበትን መነጽር ይሰጣሉ።

ሸሕሙስ የሚባለው የሃኑ ሻይ አቅራቢ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። በሰንሰለት የተንጠለጠለ ትሪውን እያወዛወዘ ከፊት ከፊታቸው ይሮጣል፤ ገና ሳይደርሱ ሻዩ ተቀድቶ ይጠብቃቸዋል።

"አንተ ነህ እኮ የምታዘገየን" አለችው።

"እኔ? እኔማ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው ቀድሜ የምቀዳው፣ እህቴ። ስኳር ልጨምርልሽ?"

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላት። አባቷ ዛሬ ከማንም ጋር አልተጣሉም። የልጓም ሠሪው በወጣትነታቸው ስላደረጉት ፈረስ ግልቢያ ሲያወራ፣ እኔ ነኝ የቀደምኩት ሲል፣ እሳቸው "እሺ፣ አንተ ነህ የቀደምከው" አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህች ነገር እስከ መግሪብ ይከራከሩ ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር እሺ ነው። ጎሽ፣ ቢያንስ ይህ ጊዜ አይፈጅም፣ አለች በልቧ።

የታችኛው ረድፍ ሲያልቅ አባቷ ወደ ደረጃው ዞሩ።

"የት ነው?"

"የፎቆቹ ቀርተዋል።"

"ደረጃ አይወጡም። ሐኪሙ ምን አለ? ደረጃ አይወጡም።"

"ቀስ ብዬ ነው።" አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆሙ። የመጀመሪያውን ደረጃ ወጡ፤ ሁለተኛው ላይ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ያ የሃን ደረጃ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ በበቅሎ ጀርባ የሚወጣ ይመስል እያንዳንዱ ደረጃ እስከ ጉልበት ይደርሳል።

የኔርሚን ትዕግሥት እዚህ ላይ ተበጠሰ። ደበርጃኑን፣ ሳሙናውንና ልጓሙን ከገንዳው ጠርዝ ላይ ወረወረችና መሀል ግቢ ቆማ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። አውቶቡስ ማቆሚያ ውስጥ ማይክሮፎን ሲበላሽ የምታወጣው ድምፅ አላት፤ ያንን አወጣችው።

"ፎቅ ላይ ያላችሁ! ቬይሰል ኡስታ አንካራ ሊታከሙ ነው፣ ደረጃ መውጣት አይችሉም። ሐቃችሁን አውፍ ትላላችሁ ወይስ አትሉም?"

መቀጥቀጡም መወቀጡም ቆመ። ከላይ ከበረንዳው አንድ አንድ እያለ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ፣ ጫማ ሠሪዎቹ መዶሻቸውን እንደያዙ። በዚህ ሃን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ሆኖ አያውቅም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "አውፍ ነው" አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ላይ። አንዱ ደግሞ "ለአንቺም አውፍ ብለናል፣ እየጮህሽም ቢሆን" አለና ሳቅ ሆነ። አባቷ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሆነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በየተራ እጅ ነሷቸው። አቀርቅረው ወረዱ።

"ጨረስን" አለች ኔርሚን። "እንሂድ።"

"አንድ ሰው ቀርቷል።"

ማን እንደሆነ ሳይነግሯት አወቀች። ከአባቷ ሱቅ ፊት ለፊት ያሉት መዳብ ቀጥቃጩ ዙልኩፍ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተኳረፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ኩትኑ የሚሉትን ባለ ብዙ ቀለም የሐር ጨርቅ ነው የሚሸምኑት፤ አዲስ የተነከረ ክር ደግሞ በግቢው ገንዳ ነበር የሚያለቀልቁት። ዙልኩፍ ለሟች እናታቸው ዱዓ ባደረጉበት ቀን ቬይሰል ኡስታ ቀዩን ክር ከገንዳው ዘፍዝፈውት ምሳ ሄዱ። ኢማሙና ሽማግሌዎቹ መጥተው በዚያው ውሃ እጅ እግራቸውን ታጥበው ዉዱእ አደረጉ። ገብተው ነጩ ምንጣፍ ላይ ሲቆሙ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ ነው። ሰው በዱዓ መሀል ሳቀ። ዙልኩፍ ያን ሳቅ አልረሱትም። ቬይሰል ኡስታም ይቅርታ መጠየቅ ሲገባቸው "አይዟችሁ፣ በሳምንት ይለቃል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ያም ሆኖ አንዱ በሩ ላይ ወንበር አጋድሞ ከሄደ ሌላው ተነስቶ ይሸጥለታል፤ ገንዘቡን ሚዛኑ ሥር ያስቀምጥና ሳይተነፍስ ይመለሳል። ኔርሚን ይህን ነገር አስባ አስባ ገብቷት አያውቅም። ወይ ተጣሉ፣ ወይ ታረቁ።

አባቷ ከቀጥቃጩ ደጅ ቆሙ። ዙልኩፍ አንድ ትልቅ ድስት በጉልበታቸው መሀል ይዘው ይመታሉ።

"ዙልኩፍ።"

መዶሻው ቆመ።

"አንካራ ልሄድ ነው። ደረቴን ሊከፍቱት ነው። ሐቅህን አውፍ በለኝ፤ የእናትህንም።"

ዙልኩፍ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ጥቁሩን ከንፈር አዩ፣ ደህናውን ኮት አዩ።

"አልልም" አሉ።

ሸሕሙስ ትሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አባቷ ግን አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁና "እሺ" አሉ በቀስታ፤ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ኔርሚንን ያሳበዳት ይህ "እሺ" ነው።

"እርስዎ ሰው ነዎት?" ብላ ዙልኩፍ ላይ ጮኸች። "ሽበትዎ አያሳፍርዎትም? ለሰው እግር ብለው ነው ልቡ የታመመ ሰው የሚያቃጥሉት? ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ጠጥቼ ሆዴ ተነፍቷል፣ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው፣ ከዚህ ሃን ሰው ሁሉ አንድ እርስዎ ብቻ ቀሩ። አንዲት ቃል ናት። ይበሏትና እንሂድበት።"

"አንቺ ልጅ" አሉ ዙልኩፍ፣ "ዓይን የለሽም?"

"ምኑን ልይ?"

"መቀሱን ለአብዱረዛቅ ሰጠ። ሜትሩን ሰጠ። መነጽሩን እንኳን ሰጠ። መቀሱን የሰጠ ሸማኔ ተመልሶ ጨርቁን በምን ሊቆርጥ ነው፣ በጥርሱ? ከጠዋት ጀምሮ በየሱቁ እየገባ እሺ፣ እሺ ሲል እዚህ ተቀምጬ እሰማለሁ። ይህ ሰውዬ እሺ የሚል ሰው ነው? እነዚህም ቂሎች አውፍ ነው፣ አውፍ ነው እያሉ አለቀሱለት። ሬሳ ነው የሸኙት። ሁሉም የበኩሉን ሒሳብ ዘጋለት፤ እዚህ የሚመልሰው አንድ ነገር አላስቀሩለትም። እኔ አልዘጋም።"

መዶሻቸውን አስቀምጠው ተነሡና በሩ ድረስ መጡ።

"ስማ ቬይሰል። የእናቴ ሐቅ አንተ ላይ ነው። ሂድ፣ ይክፈቱህ፣ ይስፉህ። ከዚያ በእግርህ መጥተህ እዚህች ድንጋይ ላይ ቁመህ ጠይቀኝ፣ አስብበታለሁ። እዚያው ተኝተህ ቀርተህ እንደሆነ ግን፣ ወላሂ፣ በቂያማ ቀን እነዚህ ሁለት እጆቼ አንገትህ ላይ ናቸው። አላህ ፊት ነው የማንቅህ።"

አባቷ ቀስ ብለው ዞሩ።

"አስብበታለሁ?" አሉ። "አስብበታለሁ ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት አስበህ አልጨረስክም?"

"አልጨረስኩም።"

"አንተ ድንጋይ ራስ፣ ያ ቀለም እኮ በሳምንት ለቋል።"

"በወሩ ነው የለቀቀው። ኢማሙ ወር ሙሉ ካልሲውን ሳያወልቅ ነው የሰገደው።"

"ጥሩ ቀለም ስለሆነ ነዋ። የዛሬ ቀለም መሰለህ?"

"እንግዲያው በሳምንት ለቀቀ አትበል።"

ከላይ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው። ኔርሚን ሐኪሙ እንዳይናደዱ ማለቱን አስታወሰች፤ ልታስቆማቸው አፏን ከፈተች። አልቻለችም። አባቷ እንዲህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሰማቻቸው ወራት አልፈዋል። ሲታመሙ ዝም አሉ፤ ሐኪሙ ሲናገር ዝም አሉ፤ እሷ ወረፋ ይዣለሁ፣ አልጋ ተገኘ ስትል "እሺ ልጄ" አሉ። እሷም ጎሽ አለች፤ አባቴ በመጨረሻ ገራም ሆኑልኝ አለች። ምን ዓይነት ቂል ናት እሷ?

"እመጣለሁ" አሉ ቬይሰል ኡስታ ጣታቸውን ቀስረው። "እመጣለሁ፤ ያኔም ይቅርታ አልጠይቅህም። ስለ ቀለም አስተምርሃለሁ።"

"ና እንጂ። ማን ከለከለህ?"

አባቷ ወደ እሷ ዞሩ። "ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሰዓቱ እኮ ሄደ። ሰው አስጎልተሽ ወሬ ትሰሚያለሽ?"

ኔርሚን የምትመልሰው ብዙ ነበራት። ሁሉንም ዋጠችው። ደበርጃኑን፣ ሳሙናውንና ያን የፈረስ ልጓም ሰብስባ ተከተለቻቸው። ዙልኩፍ ከበሩ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ አባቷ እንደዞሩ፣ እኚህ ሰው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሲጠርጉ አየች፤ መዶሻው ግን ወዲያው ጀመረ፣ ከቀድሞው በረታ ብሎ።

ታክሲው መንቀሳቀስ እንደጀመረ ቆመ። ከፊት አንድ የሲሚንቶ መኪና ተገትሯል። አባቷ ከኋላ ወንበር ሆነው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

"አስብበታለሁ ይለኛል። ሰማሽው አይደል? እኔን።"

"ሰማሁት፣ አባባ።"

"ሹፌር፣ ጡሩምባህ አይሠራም? በዚያች በጫማ ሠሪዎች በኩል ብትታጠፍ ምን ትሆናለህ?"

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ታጠፈ። ከዚያ አባቷ ይህን ሁሉ ወር፣ በሐኪሙ ፊትም ሆነ በቤት፣ አንድ ቀን ጠይቀው የማያውቁትን ነገር ጠየቁ።

"ከተሰፋሁ በኋላ ስንት ቀን ነው የሚያስተኙኝ?"

"ደህና ከሆኑ... ብዙ አይደለም። ከዚያ እኔ ጋ ያርፋሉ።"

"ማረፉን ተይው። የመመለሻ ቲኬቴ ለመቼ ነው?"

ኔርሚን፣ አንድም መኪና መመለሻው ሳይታወቅ ከማቆሚያው አስወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ለአባቷ የቆረጠችው የመሄጃውን ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ራሷን ጠይቃም አታውቅም። ቲኬቱን ስትቆርጥ መመለሻ ይፈልጋሉ ወይ የሚለው ሲመጣባት በፍጥነት አልፋው ነበር።

"አልቆረጥኩም" አለች።

አባቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። የሚቆጡ መስሏት ነበር፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

"በይ አሁን ቁረጪ" አሉ። "ያ ሰውዬ ይጠብቀኛል።"

ስልኳን አወጣች። ፊደሎቹ በእንባዋ ቢደበዝዙባትም የአባቷን ስም ሳትሳሳት ጻፈች፤ ከየት ለሚለው አንካራ፣ ወዴት ለሚለው አንቴፕ አለች፤ ቀኑን ስትመርጥ አባቷ ከጎኗ ሆነው፣ ይህ ሩቅ ነው፣ ይህ ሩቅ ነው እያሉ አንድ በአንድ ተከራከሯት።